ዝቅ ብሎ የተበየደው መሪ

«የአባባ ፒካፕ ውስጥ ከምገባ፣ ወላሂ በእግሬ ገለምሶ እገባለሁ!» አለች ዩስራ።

መስዑድ ይህን የሰማው ከመጋረጃው ወዲህ ጎንበስ ብሎ ካልሲውን ሲፈልግ ነው። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፤ አንዱን ክፍል በአበባማ መጋረጃ ስለከፈሉት የቤቱ ሰው ሦስት ክፍል ይለዋል። መጋረጃ ግድግዳ አለመሆኑን በዚያ ቤት ውስጥ የሚያውቀው እሱ ብቻ ይመስላል። ልጁ ዛሬ ሙሽራ ናት። ኒካው ባለፈው ዓርብ እዚሁ ጭሮ፣ ከገለምሶ በመጡ አራት ሽማግሌዎች ፊት ታስሯል፤ ዛሬ ከዙህር በኋላ ወደ ባሏ ቤት ትሄዳለች። እጇ እስከ ክንዷ ሂና ስለሆነ ምንም አትነካም፤ እናቷ ረዲያ ዳቦውን በሻይ እየነከረች ታጎርሳታለች።

«ዝም በይ አንቺ፣ ይሰማሻል» አለች ረዲያ።

«ይስማ! አዴራ አብዱናስር መኪናዬን አመጣለሁ ብሏል፤ አለቀ።»

አዴራ የምትለው የአባቷን ታናሽ ወንድም ነው። መስዑድ አንዱን ካልሲ አግኝቶ አጥልቋል፤ ሁለተኛውን መፈለጉን ተወው። መጋረጃውን ገልጦ ‹ምን አልሽ?› ማለት ይችል ነበር። አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ ሲውጥ የኖረ ሰው አንድ ነገር መጨመር አያቅተውም። በአንድ ካልሲ ጫማውን አጠለቀና ወጣ።

ነገሩ ተራ የመኪና ነገር ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባልቆጠቆጠው። የልጁ አማቾች አንድ ወግ አላቸው። ሙሽራዋን ከቤቷ አምጥቶ በራቸው ላይ የሚያደርሰውን ሰው አዲስ ቡሉኮ ያለብሱታል፤ ሽማግሌዎቹም እጃቸውን ዘርግተው ከሙሽራዋ በፊት ለሱ ዱዓ ያደርጉለታል። ድሮ ይህ ክብር በቅሎዋን ለሚስበው ነበር፤ አሁን መሪ ለሚይዘው ሆኗል። መስዑድ ይህን ወግ ሽማግሌዎቹ ልጁን ሊጠይቁ ሲመጡ ከአፋቸው ከሰማ ጀምሮ ወር ሙሉ ሲያስበው ነበር። ፒካፑን በሳሙና አሳጥቧል። ከገበያ በአንድ ሺህ ስምንት መቶ ብር የወንበር ልብስ ገዝቶ፣ ረዲያ ‹ዘይት በዚህ ዋጋ እየተገዛ?› እንዳትለው ጋራዥ ውስጥ ደብቆታል። ማን ያደርሳታል ብሎ ግን ማንንም አልጠየቀም። አባት በቁሙ እያለ ምን ይጠየቃል?

ጋራዡ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ በአስፋልቱ ዳር ነው። ሲደርስ የአብዱናስር ቢጫ መኪና በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችው። የበሰለ ሙዝ የመሰለች፣ ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ሆዷ መሬት ሊነካ የደረሰ አሮጌ ስፖርት መኪና ናት። በዕድሜ ዩስራን ትበልጣለች። አብዱናስር በጅቡቲ በኩል አስመጥቶ ድሬዳዋ ላይ ቀለም አስቀብቷታል፤ በጭሮ ሁለተኛ የላትም። የጫት ነጋዴ ምን ያደርግላታል? አንድ እስር ጫት እንኳ በወጉ አትጭንም። ግን አብዱናስር የሚገዛው የሚጠቅመውን ሳይሆን ሰው የሚያይለትን ነው። እንዲህ ይል ነበር መስዑድ ለራሱ፤ መኪናዋን ግን ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ ሳያይ አልፏት አያውቅም።

«መስዑድ! አቦ የት ጠፋህ?» አለ አብዱናስር ከመኪናዋ ተደግፎ። አጭርና ወፍራም ነው፤ በየትም በር ሆዱ ይቀድመዋል። «ትናንት ከድሬ ስመጣ ሂርናን እንዳለፍኩ መሪው እጄ ላይ መጨፈር ጀመረ። ስይዘው ወደ ላይ፣ ስለቀው ጉልበቴ ላይ! ያ ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ነገር ነው መሰለኝ። እስከ ዙህር ድረስልኝ።»

«ሌላ ጋራዥ አልነበረም?»

«ምን ነካህ? የሰው እጅ ላስነካት? ልጃችንን እኮ ነው የማደርስባት!»

ልጃችን። መስዑድ ቃሉን እንደ አሸዋ በጥርሱ መሃል ያዘው። ዩስራ በወባ ስትንቀጠቀጥ ልጃችን አልነበረችም፤ የትምህርት ቤት ጫማ ሲጠፋ ልጃችን አልነበረችም። አብዱናስር የእጅ ዋጋ ስንት ነው ብሎም አልጠየቀም፤ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ወርውሮ፣ «ያው አንተ ነህ!» ብሎ ባጃጅ ጠራና ሄደ። ያው አንተ ነህ። ግቢ የሚያክል ቤቱን ያስመረቀ ዕለትም እንዲሁ ነበር ያለው። ከእንግዳ ሁሉ በፊት መስዑድን አስጠራው፤ ደስ ብሎት በአዲስ ሸሚዝ ሲሄድ ጄኔሬተሩ አልነሳ ብሎ ኖሯል። እንግዳው በልቶ እስኪሄድ ጓሮ ውስጥ ከጄኔሬተሩ ጋር ታግሎ፣ ማታ የቀዘቀዘ ሩዝ በላ። እናታቸው ስትሞትም፣ ያስታመማትና ያገላበጣት እሱ ሆኖ፣ ለቀስተኛው ሁሉ የሄደው ሰፊ ሳሎን ወዳለው ወደ አብዱናስር ነው። ሀዘኑን እንኳ ወሰደበት።

መስዑድ የመኪናዋን ባትሪ ነቀለ። ከመሪው ስር ያለውን ፕላስቲክ አወለቀ፤ መሪውን ከማውጣቱ በፊት ተመልሶ ሲገባ እንዳይዞርበት ዘንጉ ላይ በኖራ ምልክት አደረገ። የእጅ ባትሪውን በጥርሱ ይዞ ወደ ውስጥ ሲያይ በሽታውን ወዲያው አገኘው። መሪውን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው መጋጠሚያ በአራት ትናንሽ ብሎን የተያዘ ነው፤ ሁለቱ ላልተዋል፣ ሁለቱ በጣት የሚወጡ ሆነዋል። የተሰበረ የለም፤ ያለቀ የለም። አውጥቶ ማጽዳት፣ መልሶ ማጥበቅ ብቻ ነው። የብሎኖቹ ራስ ኮከብ ስለሆነ ግን የሚገባበት ቁልፍ አልነበረውም፤ ከጎኑ ካለው ከጎሚስታው ከአምባው ሊዋስ ሄደ።

አምባው ከጎጃም መጥቶ እዚህ የከተመ፣ ጎማ ሲነፋ ሰው ካላዋራ የማይሆንለት ሰው ነው። «እንዴ ጋሽ መስዑድ! ዛሬ ሰርግዎ አይደል? ምን ያደርጋሉ እዚህ?» አለ።

«የወንድሜን መኪና እሠራለሁ።»

«ቢጫዋን? ሙሽራዋ በሷ ልትሄድ ነዋ! መቼም አባት ነዎት፣ መሪውን እርስዎ ይዘው ነው።»

«እሱ ነው የሚይዘው።»

አምባው የሚነፋውን ጎማ ተወ። ቁልፉን ከሳጥኑ ፈልጎ፣ በጨርቅ ጠርጎ፣ ሲሰጠው ግን ዓይኑን አላየውም። መስዑድ ከንፈር ቢመጥለት ይሻለው ነበር። ሰው ዓይንህን ሳያይ ዕቃ ሲሰጥህ ምን እንዳሰበ ታውቀዋለህ።

አራቱን ብሎኖች አንድ በአንድ አውጥቶ በቤንዚን አጠባቸው፤ ጥርሳቸውን በጣቱ ዳሰሰ፤ መልሶ ሲጥ እስኪሉ አጠበቃቸው። መሪውን ገጠመና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ማንሻውን ስቦ መሪውን ከፍ አደረገ፤ ከፍ ብሎ ቆመ። ዝቅ አደረገ፤ ዝቅ ብሎ ቆመ። በሁለት እጁ ወዘወዘው፤ ንቅንቅ የለም። ሥራው አልቋል፤ ገና ረፋድ ነው።

ወዲያው መውረድ ነበረበት። አልወረደም። መሪው በመጨረሻው ዝቅታ ላይ ነበር፤ ጭኑ ላይ ሊያርፍ ምንም አልቀረው። መስዑድ እንደ ሸንበቆ ቀጭን ስለሆነ ልክ ገባለት፤ እጁን ዘርግቶ፣ በመስታወቱ ውስጥ አስፋልቱን እያየ፣ ራሱን ገለምሶ በር ላይ አየ። ከዚያ በሐሳቡ አብዱናስርን እዚያው ወንበር ላይ አስቀመጠው። ወንበሩን ወደፊት ቢስበው ሆዱ መሪው ስር አይገባም። ወደ ኋላ ቢገፋው ያቺ አጭር እግሩ ፍሬን አትደርስም። መስዑድ ጠዋት ከነቃ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ።

ሰይጣን ነው፣ ብሎ አዑዙቢላህ አለ። አለና መሪውን እንደገና ፈታ። መጋጠሚያውን ከነብረቱ አውጥቶ በብረት መያዣው ሞርሳ ላይ አሰረው፤ በመጨረሻው ዝቅታ ላይ አስተካክሎ የብየዳ መነጽሩን አጠለቀ። ማንም ቢጠይቀው መልስ ነበረው። በዚህ አገር ያረጀ ነገር ሁሉ ይበየዳል፤ የላላ በር ይበየዳል፣ የላላ ወንበር ይበየዳል፤ ‹ለምን በየድከው?› ብሎ መካኒክ የሚከስ የለም። ግን ለይምሰል አልበየደውም። ልጁ ናት የምትቀመጥባት። በሕይወቱ እንዲህ ተጠንቅቆ በይዶ አያውቅም፤ ብረቱ ሲቀዘቅዝ በመዶሻ እየነካ ድምፁን አዳመጠ፣ መልሶ ገጥሞ ደግሞ በሙሉ ክብደቱ ተንጠለጠለበት። መሪው ይዞራል፤ ከፍና ዝቅ ማለት ግን ከእንግዲህ አያውቅም። የዙህር አዛን ሲል እጁን በሳሙናና በአሸዋ ፈተገ፤ የጥፍሩ ስር ጥቁር ግን እንደ ሁልጊዜው አልለቅ አለ።

መኪናዋን እየነዳ ቤት ሲደርስ ግቢው በሰው ሞልቷል። ሴቶቹ እያጨበጨቡ ይዘፍናሉ፤ ዩስራ ፊቷን በቀይ ሻሽ ተሸፍና በሚዜዋ በሹክሪያ ተደግፋ ወጣች፤ ሁለቱንም እንደምንም አጥፈው ከኋላዋ ጠባብ ወንበር ላይ አስገቧቸው። አብዱናስር ነጭ ጀለቢያ ለብሶ፣ የዑድ ሽቶው ሰፈር ሙሉ እየሸተተ መጣ። «ማሻአላህ፣ ደረስክልኝ!» ብሎ የመስዑድን ጀርባ መታ አደረገና ሊገባ ጎንበስ አለ። አንድ እግሩ ገባ። ሆዱ መሪው ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ትንፋሽህን ያዝ!» አለች ሚስቱ ሞሚና ከሴቶቹ መሃል።

ያዘ። ጀለቢያው በማንሻው ተያዘ። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋው፤ እግሩ አየር ላይ ቀረ። ወደፊት ሳበው፤ ጥሩምባው በሆዱ ተጭኖ ጮኸ፤ ጥሩምባው ሲጮህ ዘፈኑ ቆሞ ግቢው በሳቅ ፈረሰ። መስዑድ አልሳቀም። ከፒካፑ ጎን ቆሞ ጥፍሩን ያይ ነበር።

«መስዑድ፣ ከፍ አድርግልኝ አቦ!»

«አይነሳም።»

«እንዴት አይነሳም?»

«በየድኩት። ብሎኖቹ አልቀዋል። መንገድ ላይ ልጅ ይዞ ከሚነቀል ብዬ ነው።»

አብዱናስር ከመሪው ኋላ ሆኖ ቀና ብሎ አየው። የጫት ነጋዴ ነው፤ የአንድን እስር ውስጥ ሳይፈታው የሚያውቅ ዓይን አለው። መስዑድ ያ ዓይን እንደ እስሩ ውስጡን ሲፈትሸው ተሰማው። ሞሚና ግን ቀደመች። «ምን ትጨናነቃለህ? መስዑድ ይንዳ! እሱ ክር ነው፣ በቁልፍ ቀዳዳ ይገባል!» ሴቶቹ እልል አሉ። አብዱናስርም ሳቀ፤ ተጎትቶ ወጣ፤ ጀለቢያውን አራገፈና ቁልፉን ዘረጋለት። «በል እንግዲህ፣ እኔ ያንተን ፒካፕ ይዤ እከተላለሁ» አለ። ቂም የለበትም። ይሄም መስዑድን አናደደው። ቢቆጣለት ምን ነበረበት?

ከጭሮ ወጥተው የበደሳን መንገድ ያዙ። ቢጫዋ መኪና እንደ ድመት መሬት ለመሬት ትሄዳለች፤ በየመንደሩ ልጆች እየሮጡ ይከተሏታል፤ ቡና ያሰጡ ሴቶች ቀና እያሉ ያያሉ። መሪው በእጁ ላይ እንደ ድንጋይ ጸንቷል። ሊደሰት ሞከረ። ያሰበውን ሁሉ አግኝቷል፤ ልጁ ከኋላው ናት፤ ወንድሙ ከሷ ኋላ፣ ዘይት በሚሸተው ፒካፕ አቧራ እየበላ ይመጣል። ግን ከኋላው ወንበር አንድም ድምፅ የለም። ሙሽራ አታወራም፤ ይህን ያውቃል። ቢሆንም ዝምታዋ የሙሽራ ይሁን የሌላ መለየት አቅቶት በመስታወቱ ደጋግሞ አያት። ቀይ ሻሽ ብቻ ነው የሚታየው። በደሳን አልፈው ሹክሪያ እንቅልፍ ሲወስዳት ሻሹ ተንቀሳቀሰ።

«አባባ።»

«እ።»

«መሪው እውነት አልቆ ነበር?»

መስዑድ ጠመዝማዛ እንዳለ አስመስሎ አንገቱን ወደፊት አሰገገ። መንገዱ ቀጥ ያለ ነበር። «መንገድ ላይ አይወራም» አለ።

ቆይታ ደግሞ፣ «ጠዋት እግርህን በመጋረጃው ስር አየሁት፤ አንዱ ካልሲ አለው፣ አንዱ ባዶ ነው። ሳላየው በፊት ነው የተናገርኩት» አለች። «የፒካፑ በር እኮ ከውስጥ አይከፈትም አባባ። ሙሽራ ሆኜ፣ በዚህ ሂና፣ እጄን በመስኮት አውጥቼ ልክፈት? ያ ሁሉ ሰው እያየኝ?»

በሩ። ያን በር ስትነግረው ሦስተኛ ረመዳን አልፏል። ‹ነገ እሠራዋለሁ› እያለ የሰውን በር ሁሉ ሲሠራ ከረመ። የወንበር ልብስ ሊገዛ ገበያ ለገበያ ሲዞር አንድ ቀን እንኳ በሩ ትዝ አላለውም። ‹ነገ እሠራዋለሁ› ሊል አፉ ላይ ደረሰ፤ ነገ ግን እሷ የለችም። እስከ ገለምሶ ድረስ የተሰማው የሞተሩ ድምፅና የሹክሪያ ማንኮራፋት ነው።

የአማቾቹ በር በወጣት ተዘግቷል። ዱላ ይዘው እየዘለሉ ይዘፍናሉ፤ አቧራው እስከ ወገባቸው ነው። መስዑድ መኪናዋን በሩ ፊት ለፊት በወጉ አቆመ። ወር ሙሉ ያሰበው ይህችን ነው፤ መጀመሪያ ሰላምታውን፣ ከዚያ ‹አማናችሁን ተቀበሉ› የሚለውን፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ቡሉኮውን መቀበሉን። በሩን ከፍቶ ገና አንድ እግሩን ሲያወርድ አንድ ፊሽካ የያዘ ጎረምሳ ጣራውን በመዳፉ መታ መታ አደረገ።

«ሾፌር! ሾፌር! ሙሽራዋ ትውረድና መኪናዋን ወደዚያ ሳባት፣ መንገድ ዘጋህ!»

መኪናዋን እዚህ የማያውቃት የለም፤ የአብዱናስር ናት። የጥፍሩ ስር የጠቆረ ቀጭን ሰው ታዲያ ሾፌሩ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ኒካው ላይ የነበሩት አራቱ ሽማግሌዎች ከውስጥ ናቸው፤ በሩ ላይ ያለው ሁሉ አይቶት አያውቅም። ‹አባቷ ነኝ› ማለት ሁለት ቃል ነው። ግን አባት እንዲህ ብሎ ራሱን ለበር ጠባቂ ያስተዋውቃል? ሹክሪያና ሴቶቹ ዩስራን ደግፈው ሲያወርዷት እሱ አንድ እግሩ መሬት፣ አንድ እግሩ መኪና ውስጥ ሆኖ ቀረ። ቀዩ ሻሽ አንዴ ወደሱ ዞረ። ሙሽራ አትናገርም።

ያን ጊዜ ፒካፑ ደረሰ። አብዱናስር በነጭ ጀለቢያው ገና ሲወርድ ሕዝቡ፣ «አብዱናስር! አብዱናስር መጣ!» እያለ ወደሱ ጎረፈ። ከዚህ መንደር ጫት ያልሸጠለት የለም። ቡሉኮውን ይዘው በሩ ላይ የቆሙት ሽማግሌ ዓይናቸው የደከመ ነው፤ ጩኸቱን ተከትለው ሄዱና በሰፊው ትከሻ ላይ ጣሉት። ሰው ሁሉ እጁን ለዱዓ ዘረጋ። መስዑድ መሪውን በአንድ እጁ እንደያዘ ነበር፤ ለቀቀው።

«ቆይ፣ ቆይ አቦ! ምን ነካችሁ?» አለ አብዱናስር ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ይሄ የኔ አይደለም! መሪ ይዞ ያመጣት እሱ ነው። እዩት፣ ታላቄ ነው! የልጅቷ አባት ነው!»

ሕዝቡን እየሰነጠቀ መጣ። ቡሉኮውን ከገዛ ትከሻው ላይ ገፎ በመስዑድ ትከሻ ላይ አደረገ፤ አስተካከለለት፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ፣ ያ ሁሉ ሰው እያየ፣ ጥፍሩ የጠቆረውን እጁን ሳመው። ከዚያ እልልታው ፈነዳ። ፊሽካ የያዘው ጎረምሳ አፍሮ አንገቱን ደፋ፤ አንዲት ሴት እንባዋን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። የሁሉም ዓይን ግን መስዑድ ላይ አልነበረም። ገፎ በሰጠው ሰው ላይ ነበር።

ሽማግሌው ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። «አላህ እንዲህ ያለ ወንድም ለሁላችንም ይስጠን!» አሉ።

«አሚን!» አለ ሕዝቡ።

ቡሉኮው ከአብዱናስር ጀርባ ገና አልቀዘቀዘም፤ ዑድ ዑድ ይሸታል። አሚን ያላለው አንድ ሰው ብቻ ስለነበር ሽማግሌው እጃቸውን ሳያወርዱ፣ የደከመ ዓይናቸውን ወደ መስዑድ አቅጣጫ አዙረው ጠበቁ። አብዱናስርም እጁን ዘርግቶ ጠበቀ። ዩስራም ከሻሿ ስር ጠበቀች። መስዑድ መዳፎቹን ከፈተ።

«አሚን» አለ።